የማይበላው ዱባ

«ልጄ፣ ለወጥ የሚሆነው የቱ ነው?»

እኚህ እናት ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ ጣል አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዓይን እስከሚያደርስ በተዘረጋ ብርቱካናማ ዱባ መሀል ቆመዋል። ሐበሻ መሆኔን ከሩቅ ለይተውኛል። እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ቲሸርት ለብሼ የእጅ ጋሪ እገፋለሁ። ቦታው ከዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቅ፣ ፈረንጆቹ «ፓምፕኪን ፓች» የሚሉት የዱባ እርሻ ነው። መስቀል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

«እማማ፣ ይሄ ለወጥ አይሆንም» አልኳቸው። «ውሃ ውሃ ነው የሚለው። ጭረታም ነው፣ ጣዕምም የለው።»

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን ብለው ዘሩት?»

«ለጌጥ ነው። ፊት ይቀርጹበትና በር ላይ ያስቀምጡታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይጣላል።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ።

ያን ዓመት የጻፍኳቸው ጽሑፎች ክፍያ ስለዘገየብኝ ነበር ለስድስት ሳምንት እዚያ የተቀጠርኩት። ከደመወዙ ይልቅ ዛሬም ድረስ ያልለቀቀኝ የእማማ ጥያቄ ነው። የማይበላ እህል ይዘራል? የሚዘራውስ፣ የሚሸከመውስ፣ የሚለቅመውስ ሰው በሕግ ፊት ምን ይባላል? ገበሬ ነው? የመዝናኛ ቦታ አስተናጋጅ ነው? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ዱባ የአሜሪካ ተወላጅ ነው። በደቡባዊ ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ ውስጥ በሚገኝ ዋሻ የተገኙት ጥንታዊ የዱባ ዘሮች ወደ 10,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። ሰው በዚያ አህጉር በቆሎንና ቦሎቄን ከማልመዱ በፊት ዱባን አልምዷል ማለት ነው። ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች በኋላ ሦስቱን አንድ ላይ ይዘሩ ነበር፤ «ሦስቱ እህትማማቾች» ይሏቸዋል። በቆሎው ለቦሎቄው መደገፊያ ይሆናል፣ ቦሎቄው አፈሩን ያዳብራል፣ የዱባው ሰፊ ቅጠል ደግሞ መሬቱን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል፣ አረሙንም ያፍናል።

ወደ እኛ አገር የገባው እንግዲህ ከኮሎምበስ በኋላ ነው። ስሙን ያገኘው ከዓረብኛ ሲሆን ዓረቦቹ ራሳቸው ያን ስም የአሜሪካው ተክል ሳይመጣ በፊት ለቅል ይጠቀሙበት ነበር። ቅል ደግሞ የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ስለዚህ «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ስንል አንድ የአገር ልጅና አንድ ስደተኛ አጠገብ ለአጠገብ አቁመን ነው የምንናገረው። ስደተኛው ግን ወዲያው ተላመደ፤ ጓሮ ገባ፣ አጥር ላይ ወጣ፣ የጾም ወጥ ሆነ። ለእማማ ዱባ ማለት ያ ነው።

ወደ ሰሜን አሜሪካ ስንመለስ፣ እንግሊዛዊ ሰፋሪዎች ዱባን ከነባሩ ሕዝብ ተምረው በክፉ ቀን ተመግበውታል። ስንዴውና ፖሙ ሲትረፈረፍ ግን ናቁት። የከብትና የአሳማ መኖ ሆነ፤ ሰው ከበላው የድሃ ምግብ ነው ተባለ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የዱባ እርሻ የሚባል መዝናኛ አይኖርም ነበር።

ነገሩን የገለበጠው ከተማ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኒው ኢንግላንድ ልጆች እርሻቸውን እየተዉ ወደ ፋብሪካና ወደ ምዕራብ ሲጎርፉ፣ የተዉት ገጠር በትዝታ እያማረ መጣ። ሣራ ጆሴፋ ሄል በ1827 ባሳተመችው «ኖርዝዉድ» በተባለ ልብ ወለድ የምስጋና ቀን ማዕድን ስትገልጽ ለዱባ ፓይ የክብር ቦታ ሰጠችው። ይህችው ሴት የታወቀ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆና ለዓመታት ፕሬዚዳንቶችን በደብዳቤ ወተወተች፤ በመጨረሻ አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ በ1863 የምስጋና ቀን አገር አቀፍ በዓል እንዲሆን አወጀ። ደቡቦቹ ለረጅም ጊዜ «የሰሜኖች በዓል» እያሉ አኩርፈውታል።

ፊት የመቅረጹን ልማድ ያመጡት ደግሞ አየርላንዶችና ስኮትላንዶች ናቸው። በአገራቸው በኦክቶበር መጨረሻ፣ የሙታን ነፍስ ይዞራል በሚባልበት ሌሊት፣ ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ፈልፍለው መብራት ያስገቡበት ነበር። በ1840ዎቹ የድንቹ ረሃብ ሕዝቡን በመርከብ ሲያሻግረው ልማዱም አብሮ ተሻገረ። አሜሪካ ሲደርሱ ለመፈልፈል የሚቀል፣ ትልቅ፣ ርካሽ ነገር ሜዳ ላይ ተኝቶ አገኙ። የስደተኛ ልማድ በአገሬው ዱባ ላይ ተቀረጸ ማለት ይቻላል።

ሲንዲ ኦት የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በ2012 ስለ ዱባ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትማለች። ከመጽሐፉ የወሰድኩት ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ዱባ ከማጀት እየወጣ በሄደ መጠን ምልክትነቱ እየገነነ መጣ፣ ከዚያም ያ ምልክት ተመልሶ የትናንሽ ገበሬዎችን ኪስ ደገፈ። እኔ በዚህ የምስማማው ግማሹን ነው፤ ምክንያቴ ወደ ኋላ ይመጣል።

ምልክቱ እያደገ ሲሄድ ዱባው ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ኦሃዮ ውስጥ ሰርክልቪል የተባለች ከተማ ከ1903 ጀምሮ የዱባ ትርዒት ታዘጋጃለች። ኢሊኖይ ውስጥ ያለችው ሞርተን ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጠው የቆርቆሮ ዱባ አብዛኛው የሚታሸግባት ናት። ታዲያ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ዱባ መለያው ላይ እንደተሳለው ደማቅ ብርቱካናማ አይምሰላችሁ። ሞላላ፣ ቆዳው ፈዛዛ ቡናማ፣ በር ላይ ቢቀመጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ነው፤ ሥጋው ግን ወፍራምና ጣፋጭ። ለበር የሚሆነውን በ1960ዎቹ ያወጣው ጆን ሃውደን የተባለ የማሳቹሴትስ ገበሬ ነው። ክብ፣ ቀለሙ የጠለቀ፣ ሸንተረሩ የጎላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አናቱ ላይ ልጅ ጨብጦ የሚያነሳው ጠንካራ እጀታ ያለው። የእማማ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፤ አንዱ ለሆድ ተመረጠ፣ ሌላው ለዓይን። እኛ የምንሸጠው የዓይኑን ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በ1966፣ የቻርልስ ሹልዝ የቻርሊ ብራውን ካርቱን በቴሌቪዥን ቀረበ። ላይነስ የሚባለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ በዱባ ማሳ ውስጥ «ታላቁን ዱባ» ሲጠብቅ ያድራል። ታላቁ ዱባ የሚመጣው ከማሳዎች ሁሉ ከልብ የሆነውን፣ ማስመሰል የሌለበትን መርጦ ነው ብሎ ያምናል። በየዓመቱ ይህን ፊልም እያየ ያደገ ትውልድ ዛሬ ልጆቹን ይዞ ወደ እኛ ማሳ ይመጣል።

ገበሬው ለምን ፈለገው? መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላው አላዋጣውም። ከተማ ወደ እርሻው ሲጠጋ የመሬት ግብሩና የመሬቱ ዋጋ ይወደዳል፣ በቆሎና ወተት ግን በጅምላ ዋጋ ነው የሚሸጡት። ስለዚህ በ1960ዎቹና 70ዎቹ «ራስህ ለቅመህ ግዛ» የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። ኮንግረሱም በ1976 ገበሬው በቀጥታ ለሸማቹ እንዲሸጥ የሚያበረታታ ሕግ አወጣ። በ1993 ፔንስልቬንያ ውስጥ የበቆሎ ማሳን እየቆረጡ ሰው የሚጠፋበት መንገድ ሠሩበት፤ ይህ «ኮርን ሜዝ» የተባለው ጨዋታ አሁን የሌለበት የዱባ እርሻ ማግኘት ይከብዳል። በግብርና ቆጠራው መሠረት የአሜሪካ እርሻዎች ከጎብኚ ያገኙት ገቢ በ2012 ወደ 704 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2017 ወደ 950 ሚሊዮን ተጠጋ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የመጀመሪያ ሥራችን ዱባ መዝራት ነበር። አዎ፣ መዝራት ነው የምለው። ማታ በጭነት መኪና፣ በትልልቅ ካርቶን ሣጥን ተሞልቶ ከሌላ እርሻ የመጣውን ዱባ በደረቀው ሐረግ መሀል እያራራቅን እናስቀምጣለን። የእርሻው የራሱ ምርት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜና እሑድ አልቋል። እጀታው ወደ ላይ፣ ቆንጆው ጎኑ ወደ መንገዱ እንዲሆን ተነግሮናል። አራት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ልጆቹ እየተንጫጩ ይገባሉ፤ «አባዬ ራሴ ነው ያገኘሁት!» ይላሉ፤ አባት ፎቶ ያነሳል። እኔ በልቤ «ሌሊት አሥር ሰዓት ከመኪና የወረደ ነው» እላለሁ። የላይነስን ማሳ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ይህን ማጭበርበር ብዬ አልከስም። ሰዎቹ የከፈሉት ለዱባው አይደለም። ለድርቆሹ ጋሪ፣ ለጭቃው፣ ለፎቶው፣ እኛም አንድ ጊዜ ገበሬ ነበርን ለሚለው ስሜት ነው። እኔን ያስቆጨኝ ሌላ ነው።

በጥድፊያው ሳምንት 58 ሰዓት ሠራሁ። ደመወዙ ሲመጣ ከ40 በላይ ያለው 18 ሰዓት እንደማንኛውም ሰዓት ተሰልቷል። ቢሮ ያለችውን ሴት ጠየቅኳት። ደግ ሴት ናት፤ ፈገግ ብላ «የወቅት ሠራተኛ ነህ፣ ትርፍ ሰዓት አይመለከትህም» አለችኝ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ «ዛሬ ሂዱ» እንባላለን፤ ያ ቀን አይከፈልም። እንደ ጋዜጠኛ ሳይሆን እንደ ተቆጨ ሰው ቤቴ ገብቼ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። ልክ ነበረች። እንዲያውም ከገመትኩት በላይ ልክ ነበረች።

የአሜሪካ ሠራተኛ ዛሬ መብቴ የሚላቸው አብዛኞቹ ነገሮች የሩዝቬልት ዘመን ሕጎች ናቸው። በ1935 ማኅበር የመመሥረት መብት መጣ፤ የእርሻ ሠራተኛ አይጨምርም። በዚያው ዓመት የጡረታው ሥርዓት ተቋቋመ፤ የእርሻ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ተዘለሉ። በ1938 ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 25 ሳንቲም ሆኖ ተወሰነ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ተደነገገ፤ አሁንም የእርሻ ሠራተኛ ውጭ ቀረ። በዚያ ዘመን በደቡቡ ክፍል ከጥቁሮቹ አብዛኞቹ የሚሠሩት በእርሻ ወይም በሰው ቤት ነበር፤ ኮንግረሱ ውስጥ ያለ ደቡቦቹ ድምፅ ደግሞ ምንም ሕግ አያልፍም። ታሪክ ጸሐፊዎች የገበሬ ማኅበራት ግፊትና የአስተዳደር ምቾት ምን ያህል ድርሻ ነበረው በሚለው ይከራከራሉ። ለእኔ ግን «ገበሬ» እና «የቤት ሠራተኛ» የሚሉት ቃላት ቀለም ሳይጠሩ ቀለም መጥሪያ ሆነው እንዳገለገሉ ግልጽ ነው።

የእርሻ ሠራተኛ ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ የገባው በ1966 ነው፤ ያውም በትልልቆቹ እርሻዎች ብቻ። የፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ዛሬ አልደረሰውም። ካሊፎርኒያ በ2016 የራሷን ሕግ አውጥታ ቀስ በቀስ አስተካክላለች፣ ሌሎች ጥቂት ክልሎችም ተከትለዋል።

የዱባ እርሻን ልዩ የሚያደርገው ሁለተኛ በር መኖሩ ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠራ የመዝናኛ ቦታ ለሠራተኞቹ የፌዴራሉን ዝቅተኛ ደመወዝም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲከፍል አይገደድም የሚል አንቀጽ አለ። ለባሕር ዳርቻ መዝናኛና ለበጋ ካምፕ ተብሎ የገባ ነው። ስለዚህ ጠዋት ማሳ ውስጥ ዱባ ስቆርጥ የግብርና ሠራተኛ ነኝ፤ ትርፍ ሰዓት የለኝም። ከሰዓት በኋላ በትራክተር በሚጎተተው ጋሪ ላይ ሕፃናት ሳሳፍር ግብርና አይደለም፤ ያኔ ቦታው የወቅት መዝናኛ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ አሁንም የለኝም። በአንዱ በር ስወጣ ሌላው ይጠብቀኛል። በሕግ የተሠራ ኮርን ሜዝ በሉት።

ኦት ላይ የቀረኝ ግማሽ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ዱባው ትንሹን ገበሬ ደግፏል፤ እውነት ነው፤ እኛን የቀጠሩን ባልና ሚስትም መሬታቸውን ለቤት ሠሪ ኩባንያ ሳይሸጡ የቆዩት በኦክቶበር ወር ገቢ ነው። ግን የድጋፉ አንዱ ምሰሶ ትርፍ ሰዓት የማይከፈለው ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የተሻልኩት ነበርኩ። ስድስት ሳምንት ነው፣ ከዚያ እወጣለሁ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለውን ዱባ የቆረጡትን ሰዎች ግን ጎብኚው አያያቸውም። ያመጣው መኪና ሾፌር እንደነገረኝ ቆራጮቹ ሜክሲኳውያን ናቸው። ዱባ ዛሬም በእጅ ነው የሚለቀመው። አንዱ ጎንበስ ብሎ እጀታውን ሳይጎዳ በትልቅ መቀስ ይቆርጣል፤ ሌሎቹ በመስመር ቆመው እየተቀባበሉ ወደ ጋሪው ያደርሱታል። እጀታው የተሰበረ ዱባ አይሸጥም። አንዱ ዱባ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክም የራሱ ቀናት አሉት። በ1942 አሜሪካ ወንዶቿን ወደ ጦርነት ስትልክ ከሜክሲኮ ጋር «ብራሴሮ» የተባለውን ስምምነት ፈረመች፤ እስከ 1964 ድረስ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውሎች ተፈረሙበት። በ1960፣ በምስጋና ቀን ማግስት፣ ሲቢኤስ በኤድዋርድ መሮው አቅራቢነት የተንከራታች እርሻ ሠራተኞችን ኑሮ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። ሕዝቡ ከቱርክና ከዱባ ፓይ ገና ሳይላቀቅ ማለት ነው። ብራሴሮ በተዘጋ በዓመቱ፣ በ1965፣ በካሊፎርኒያዋ ዴላኖ ፊሊፒናውያን የወይን ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ፤ ሴሳር ቻቬዝና ባልደረቦቹም ተቀላቀሏቸው።

ዛሬ ያለው መንገድ በ1986 ሕግ የተለየው «ኤች 2 ኤ» ቪዛ ነው። በ2022 በዚህ ቪዛ እንዲሸፈኑ የተፈቀዱት የሥራ ቦታዎች ከ370,000 በላይ ነበሩ። ቪዛው መኖሪያና የተወሰነ ደመወዝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በዚህ በኩል ምንም ወረቀት ከሌለው ሰው ይሻላል። ሠራተኛው የሚታሰረው ግን ካስመጣው ቀጣሪ ጋር ነው። ከቀጣሪው ከተጣላ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይናጋል። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለው አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21፣ እስከ ማታ ተሸጠ። በማግስቱ ያ ሁሉ ዱባ ዋጋ አልነበረውም። እስከ ትናንት በዶላር ይመዘን የነበረውን እየገፋን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰብነው፤ ገሚሱን የጎረቤት ከብት አርቢ በጭነት መኪና ወሰደው፣ የቀረውን ትራክተሩ እየደፈጠጠ ወደ አፈር መለሰው።

በማሳው ዳር፣ ለማሳያ ተብሎ በድርቆሽ ላይ የተደረደረ ጠፍጣፋ፣ ፈዛዛ ቡናማ ዓይነት ነበር። አይብ ስለሚመስል «ቺዝ ፓምፕኪን» ይሉታል፤ ከቆርቆሮው ዱባ ጋር ዘመድ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልገዛውም። ባለቤቱን ጠየቅኩት፤ «የፈለግከውን ያህል ውሰድ» አለኝ። እማማ ያን ቀን ሲሄዱ «የሚበላ ካገኘህ ደውልልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር አራቱን ጭኜ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ሄድኩ።

አንዱን ከፈቱት። ሥጋው እንደ እርድ ቢጫ ነው። ቆርሰው አሸተቱና «በስንት ገዛኸው?» አሉኝ።

«በነፃ ነው እማማ። ሊጥሉት ነበር።»

መልስ አልሰጡኝም። ቢላዋቸውን ይዘው ፍሬውን በሳህን ላይ ማራገፍ ጀመሩ፤ ለሚቀጥለው ክረምት የልጃቸው ጓሮ ላይ ሊዘሩት።